በመርካቶ አንድ መሣሪያ ፍለጋ

አንባቢዬ ሆይ፤ ስለ ጕዞ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን ስለ ሩቅ አገር ነው። አንዱ በታንኳ ጣናን ስለ መሻገሩ፣ ሌላው የስሜንን ተራራ ስለ መውጣቱ፣ የቀረውም ባሕር አቋርጦ ስላየው ከተማ ይጽፋል። እኔ ግን ዛሬ ልወስድዎ ያሰብሁት ከአዲስ አበባ ሳንወጣ፣ በታክሲም በእግርም ወደሚደረስበት ወደ መርካቶ ነው። የሄድሁበት ጉዳይ እንደ ብዙ ሰው ልብስ ወይም ቅመም ለመግዛት አልነበረም። ርዝመቱ ከክንድ የማይበልጥ፣ ስሙን እንኳ አስተካክዬ የማልጠራው አንድ መሣሪያ ፍለጋ ነበር። ከዚያ በፊት መርካቶን መቶ ጊዜ ረግጬዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ዕለት እንዳወቅሁት አድርጌ አውቄው አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው በአጎቴ መኪና ነው። አጎቴ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ ኑሯቸውን የሚደግፉት በአንዲት አሮጌ ነጭ ሼቭሮሌት ነው። መኪናይቱ ረዥምና ሰፊ፣ ስትሄድም እንደ መርከብ የምትንሳፈፍ ስለ ሆነች ሙሽሮች ይከራዩአታል። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ሳምንቶች የምታስገባው ገንዘብ የዓመቱን የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ታዲያ በዚያው ወራት፣ አንድ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት ዘይት ያንጠባጥብ ጀመር። ሙሽራይቱ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ቀብዱ ተከፍሏል፤ ከቀብዱም ይልቅ የሚከብደው የአጎቴ ቃል ተሰጥቷል።

መኪናይቱን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሐሙስ ጠዋት ወጣቱ መካኒክ ራዲያተሩን አወረደ፤ የፋኑን ቺንጊያ ፈታ፤ ከክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ ላይ የተሰካውን ከባድ ክብ ብረት በፑለር ስቦ አወጣ፤ ያረጀውንም የዘይት ማገጃ ጎማ በአዲስ ለወጠ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። ክቡን ብረት ወደ ስፍራው ሊመልሰው ሲነሣ ግን አልገባ አለው።

በዚያ ሰዓት ከሁላችን ይልቅ የቸኮልሁት እኔ ነበርሁ። ከመሥሪያ ቤት ያስፈቀድሁት ለግማሽ ቀን ስለ ነበረ ሰዓቴን እያየሁ፣ «ምን ያስቸግራል? ጣውላ ደግፍና በመዶሻ ምታው» አልሁት። መካኒኩ ከመዶሻው ይሻላል ብሎ ብረቱን በራሱ ቡሎን ሊስበው ሞከረ። ቡሎኑ ግን አጭር ነው። ክቡ ብረትም ገና ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ስለ ነበረ ቡሎኑ የነከሰው ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ ነበር። አንድ ዙር አጠበቀው፤ ሁለተኛም አጠበቀው፤ በሦስተኛው ቁልፉ በድንገት ቀለለው። ቡሎኑን ፈትቶ ሲያወጣው በጥርሶቹ መካከል እንደ ጠጕር የቀጠነ የብረት ቅራፊ ተጠምጥሞበት ነበር። በባትሪ መብራት ወደ ቀዳዳው ብንመለከት የክራንክ ሻፍቱ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ተልጠዋል። ሁላችንም ዝም አልን። ቡሎን ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ክራንክ ሻፍት ከተበላሸ ግን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ካልተፈታ አይለወጥም።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ክብ ብረት ምን እንደሚሠራ ጥቂት ላጫውትዎ። ስሙ የክራንክ ሻፍት ባላንሰር ይባላል፤ ጋራዦቻችን ግን ቺንጊያ ስለሚዞርበት ብዙውን ጊዜ ፑሌጃ ብለው ያልፉታል። ክራንክ ሻፍት የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጥ ወፍራም የብረት ዘንግ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ በተቃጠለ ቍጥር ዘንጉ አንድ ጊዜ ይመታል። የአጎቴ ሼቭሮሌት ስምንት ሲሊንደር ስላላት በአንድ ዙር አራት ምት አለ ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ በአንድ ሴኮንድ 200 ጊዜ ይመታል።

ብረት ደግሞ እኛ እንደምናስበው ፈጽሞ የማይበገር ነገር አይደለም። በተመታ ቍጥር በጣም በጥቂቱ ይጠመዘዝና ተመልሶ ይፈታል። የክራር ጅማት ሲነካ የራሱ ድምፅ እንዳለው ሁሉ፣ እያንዳንዱም ዘንግ የሚንቀጠቀጥበት የራሱ ልክ አለው። ምቱ ከዚያ ልክ ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ፣ በዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በየጊዜው ሲገፋ ከፍታው እንደሚጨምር፣ የዘንጉም መጠማዘዝ እያደገ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ከባድ ጭነት ሳይጫንበት የሚሰበር ዘንግ አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ረዣዥም ሞተሮችን የሠሩ መሐንዲሶች በዚህ ነገር እጅግ ተቸግረው ነበር። መፍትሔ ካገኙላቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቼስተር ሲሆን፣ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መሣሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ነው።

በአጎቴ መኪና ላይ ያለው ባላንሰር ሦስት ነገር አለው፤ በመካከል እንብርት፣ በውጭ ከባድ ክበብ፣ በሁለቱም መካከል ጎማ። ከባዱ ክበብ በአንድ ፍጥነት ጸንቶ መዞር ይወዳል። እንብርቱ ከዘንጉ ጋር ሲንቀጠቀጥ ጎማው በመካከል ሆኖ መንቀጥቀጡን ይውጥና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እንብርቱ ከዘንጉ ጋር አንድ አካል ሆኖ እንዲይዝ፣ ቀዳዳው ከዘንጉ ውፍረት በጥቂቱ እንዲጠብ ተደርጎ ተሠርቷል። ልዩነቱ ከሰው ጠጕር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በእጅ ተገፍቶ እንዳይገባ ለማድረግ ይበቃል።

በዚያው ማታ በአሜሪካ አገር፣ ዋሽንግተን አጠገብ ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ደወልን። የሆነውን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «ለዚህማ ራሱን የቻለ ማስገቢያ አለው» አለን። «አንደኛው ጫፉ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ጠልቆ የሚገባ ዘንግ ነው፤ በሌላው ጫፍ ላይ ዳዶ አለ፤ ዳዶውን ስታጠብቁት ባላንሰሩን እየገፋ ያስገባዋል። እዚህ መለዋወጫ የሚሸጡ መደብሮች መያዣ ገንዘብ ይቀበሉና ያውሱሃል፤ መሣሪያውን ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል።» ሥዕሉንም በስልክ ላከልን። መሣሪያውን ገዝቶ ለመላክም ፈቃደኛ ነበር፤ ነገር ግን ሠርጉ እሑድ ነው።

አጎቴ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ይህ ነገር መርካቶ ከሌለ የትም የለም፤ ነገ ማልደህ ሂድ» አሉኝ። ወጣቱ መካኒክ ደግሞ የተበላሸውን ቡሎን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ሥዕሉ ልኩን አያሳይም፤ ይህን ይያዙ» አለኝ። በዚያ ቀን ከተሰጠኝ ምክር ሁሉ የበለጠው ይኸ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ ገባሁ። ይህ ገበያ እንዴት እንደ ተቋቋመ ምናልባት ያውቁት ይሆናል። ቀድሞ የከተማው ትልቅ ገበያ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርረው በያዙ ጊዜ ነጩንና ጥቁሩን ሕዝብ በየሰፈሩ ሊለዩ ስላሰቡ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ገፉት። መርካቶ የሚለውም ቃል በእነርሱ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። የቀረው ደግሞ የገበያው ስም ብቻ አይደለም። ወደ ማንኛውም ጋራዥ ገብተው ቢያዳምጡ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ ሲባል ይሰማሉ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ዛሬ እነዚህን ቃሎች የሚናገረው መካኒክ አያቱ እንኳ ጣሊያን አይተው እንደ ሆነ አያውቅም፤ ቃሎቹ ግን እንደ ቡሎኑ ጠብቀው ተይዘዋል።

በመርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚገኘው በየተራው ነው። ሸማ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ፣ ጎማ የፈለገ ወደ ጎማ ተራ ይሄዳል። ከመኪና የተነቀለ ወይም ወደ መኪና የሚገባ ነገር የፈለገ ሰው መንገዱ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ሲደርሱ መሬቱ ራሱ በዘይት ጠቁሮ ያገኙታል። በሮች እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቆመዋል። የፊት መብራቶች በሽቦ ተንጠልጥለው እንደ ዓይን ያዩዎታል። በአንድ ዘመን የከተማው ታክሲ የነበረችው የላዳ ኮፈን ከትናንትና ከመጣ የቶዮታ መስታወት አጠገብ ተደግፎ ይታያል። ተሸካሚው ሙሉ ካምቢዮ በጀርባው አዝሎ «ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ ደላላው ክንድዎን ይዞ፣ «ምን ፈለጉ? የምን መኪና ነው?» ይላል። ለማያውቀው ሰው ትርምስ ይመስላል። ነጋዴው ግን ከዚያ ክምር ውስጥ እጁን ሰዶ፣ ሳያይ፣ የጠየቁትን ቁራጭ ያወጣዋል።

የጠየቅሁት የመጀመሪያው ነጋዴ የስልኬን ሥዕል አየና፣ «አለኝ» ብሎ ሦስት ጥፍር ያለው ፑለር አመጣ።

«ይህ ለማውጫ ነው፤ እኔ የምፈልገው ለማስገቢያ ነው» አልሁት።

«ከወጣ መግባቱ የት ይቀራል?» አለኝና ሳቀ።

ሁለተኛውም ፑለር አሳየኝ። ሦስተኛው ከእርሱ የሚበልጥ ፑለር አሳየኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አሥራ አንድ ፑለር ቆጠርሁ፤ ማስገቢያ ግን አንድም አላየሁም። ያን ጊዜ ደክሞኝ በአንድ የሞተር ብሎክ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ነገሩ አስገረመኝ። ነቅሎ የሚያወጣ መሣሪያ በሞላበት ገበያ፣ መልሶ በልኩ የሚያስገባ መሣሪያ የጠፋው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱን በኋላ አንድ አዛውንት ነገሩኝ። ሲነቀል አልወጣም ያለውን ብረት ማንም ሰው በግልጽ ስለሚያየው መሣሪያ ይገዛለታል። ሲገባ ግን መዶሻ ያስገባዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ስለ ሆነ መዶሻውን የሚከስስ አይገኝም።

ከምሳ በኋላ አንድ ሱቅ ውስጥ ማስገቢያው ራሱ በሣጥኑ ተቀምጦ አገኘሁ። ልቤ ዘለለ፤ ነገር ግን ጫፉ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ከአዳዲሶቹ የሼቭሮሌት ሞተሮች ጋር የሚስማማ ነው። የእኔ ቡሎን 7/16 ኢንች፣ ማለት 11 ሚሊሜትር ያህል ነው። መኪናው በስም አንድ ቢሆንም ዘመኑ ሲለያይ ጥርሱም ይለያያል።

ከዚያ ቀጥሎ በርዝመቱ ሁሉ ጥርስ የወጣለት ዘንግ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ደረስሁ። «7/16 አለኝ» ብለው ሲያወጡ ውፍረቱ ከቡሎኔ ጋር ትክክል ነበር። ደስ ብሎኝ ገንዘቤን ላወጣ ስል፣ «ቆይ ልጄ፣ ያን ቡሎን አምጣው» አሉኝ። ቡሎኑን ከዘንጉ ጎን አስተኝተው፣ ጥርስ በጥርስ አገናኝተው ወደ ብርሃን አነሡት። በአንድ በኩል ጥርሶቹ ገጥመዋል፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ ግን በመካከላቸው ብርሃን ያልፍ ነበር።

«አየህ?» አሉኝ። «ውፍረቱ አንድ ነው፤ ጥርሱ ግን የእኔው በአንድ ኢንች 14፣ ያንተው 20 ነው። ብሸጥልህ አንድ ዙር ይገባልሃል፣ ከዚያ ይነክሳል። ብታስገድደው የተረፈውን ጥርስ ይዞት ይወጣል። ነገ ተመልሰህ ከምትረግመኝ ዛሬ ባዶ እጅህን ሂድ።»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያን ቀን ብዙ ሰው ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። የጠቀመኝ ግን አልሸጥልህም ያለኝ ሰው ነው። እኒህ ሽማግሌ ቡሎኑን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉልኝና፣ «ይህን ቶርኖ ቤት ካላስወጣኸው አታገኘውም» ብለው በምናለሽ ተራ በኩል የሚወስደውን መንገድ አመለከቱኝ።

ምናለሽ ተራ ሲያልፉ ጆሮዎን ይያዙ። ቆርቆሮና ብረት ሲቀጠቀጥ የሚያሰማው ድምፅ ከአንድ አጥር ወደ ሌላው አጥር ይመላለሳል። እዚያ የወደቀ ብረት የሚባል የለም። የዘይት በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ባሌስትራ ተስሎ ቢላዋ ይሆናል፤ የቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። መዶሻን በዚያ ሰፈር መስደብ አይቻልም፤ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራውን የሚበላው በእርሱ ነው። እኔም እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ስፍራ እንዳለው በዚያ ሳልፍ ተሰማኝ።

ቶርኖ ቤቱ ጠባብና ጨለማ፣ መሬቱም በተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ የተሸፈነ ነበር። ባለሙያው መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አዛውንት ናቸው። ቡሎኑን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ጥርሱን ሳይሆን በጥርሱ መካከል የቀረውን ቅራፊ ነበር።

«ማን ነው በአጭር ቡሎን የሳበው?» አሉ።

«መካኒኩ ነው፤ እኔ ደግሞ በመዶሻ ምታው ብዬ አቻኵዬዋለሁ፤ አባባ» አልሁ።

«እንግዲያውስ እርሱ ከአንተ ይሻላል» አሉኝ። «መዶሻው ባላንሰሩን ብቻ የሚመታ ይመስልሃል። የሚመታው ግን ክራንክ ሻፍቱን ነው፤ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የምትይዘው በኋለኛው ብሮንዚን ላይ ያለች ቀጭን ከንፈር ናት፤ ምቱን የምትቀበለው እርስዋ ናት። ደግሞ ምቱ በውጭው ክበብ ላይ ካረፈ ክበቡ በጎማው ላይ ይንሸራተታል። በክበቡ ላይ የእሳት ልክ የሚታይበት ምልክት አለ፤ ክበቡ ከተንሸራተተ ያ ምልክት ውሸታም ይሆናል። መካኒኩ ምልክቱን አምኖ ሲያስተካክል ሞተሩ ይበላሽበታል፤ ለምን እንደ ተበላሸም አያውቅም።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ነገር ግን መዶሻ ያነሣውን ሰው ሁሉ አላዋቂ አትበለው» ብለው ጨመሩ። «ይህ የሞተር ዘር በፈረንጆች በ1955 ሲወጣ የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ ቀዳዳ አልነበረውም። ባላንሰሩ በመምቻ ነበር የሚገባው፤ የሚይዘውም በጥበቱ ብቻ ነው። ያንን የለመደ ሰው ለተማሪው መዶሻ ቢያስተምር አይፈረድበትም። ያንተው ግን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ ካለ መምታት ምን ያደርጋል?»

ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ጀመሩ። ከጥግ አንድ የተሰበረ የጭነት መኪና የኋላ ዘንግ አንሥተው፣ «ለዚህ ተራ ብረት አይሆንም፤ ይሳሳባል» አሉ። ቁራጩን በቶርኖው ላይ አስረው አቀጠኑት፤ በመለኪያ ለኩት፤ ደግሞ አቀጠኑት። ጥርሱን ለማውጣት ሲደርሱ ከሣጥን አንድ ትልቅ የጥርስ መዘውር አወጡ። «ቍጠረው» አሉኝ። ብቈጥረው 127 ጥርስ ነበረው። ቶርኖው የሚሠራው በሚሊሜትር ነው፤ የአሜሪካው ቡሎን ግን በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ የ254 እኩሌታ የሆነው 127 ጥርስ ያለው መዘውር ሲገባ ሁለቱ ልኮች ያለ ስሕተት ይታረቃሉ። እኔ በተማሪ ቤት ይህን ክፍልፋይ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ በእጄ ይዤ የቈጠርሁት ግን በዚያ ቀን ብቻ ነው።

በምሽቱ መሣሪያው አለቀ። አንደኛው ጫፍ 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ሆነ። ሌላው ጫፍ 16 ሚሊሜትር ወፍራም ጥርስ ሆኖ ትልቅ ዳዶ ገባበት። ከዳዶው ሥር አንድ ወፍራም ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው ሥር ደግሞ ዳዶው ሲዞር ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ኩሽኔታ ተደረገ። አዛውንቱ በተጨማሪ ጥርስ ማጽጃ ማስኪዮ አዋሱኝ። «የተላጡትን ጥርሶች ነገር እርሳ፤ አይመለሱም። ከእነርሱ ወዲያ ያሉትን ግን በዚህ አጽዳቸው። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ድረስ ጠልቆ ይግባ። ቡሎኑን ያጠፋው በሦስት ጥርስ መሳቡ ነው፤ ይህ በሁሉም ይሳባል» አሉኝ። በዋጋው ተስማማንና አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም በጋራዡ ተሰበሰብን። መካኒኩ ቀዳዳውን በማስኪዮው ቀስ እያለ አጸዳ፤ ፍርፋሪውን በአየር አስወጣ። የአፍንጫውን ዙሪያ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አለሰለሰና ዘይት ቀባው፤ አዲሱንም የዘይት ማገጃ ጎማ ከንፈሩን በዘይት አራሰ። ከዚያ መሣሪያውን በእጁ ብቻ እያዞረ ማስገባት ጀመረ። እኔ ዙሩን ስቈጥር አጎቴ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። የተላጠውን ስፍራ አለፈና ጥርሱ ያዘ፤ እስኪቆምም ድረስ ገባ። ባላንሰሩን በዘንጉ ላይ ሰክቶ፣ የእንብርቱን ጭረት በክራንክ ሻፍቱ ላይ ካለችው የቁልፍ ብረት ጋር አገናኘ። በአንድ ቁልፍ ዘንጉን እንዳይዞር ያዘ፤ በሌላው ዳዶውን ማጥበቅ ጀመረ።

ምንም ድምፅ አልነበረም። ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር ባላንሰሩ 2 ሚሊሜትር ይገባል፤ ደግሞ አንድ ዙር፣ ደግሞ 2 ሚሊሜትር። መዶሻ ቢሆን ጎረቤት ሁሉ ይሰማው ነበር። ጥቂት ከቆየ በኋላ ቁልፉ ደረቅ ሆነና ቆመ፤ እንብርቱ ከውስጥ ካለው የጥርስ መዘውር ጋር ተገናኝቷል። መሣሪያውን ፈትቶ አወጣው። ከዚያ አዲስ ቡሎን አስገባና፣ የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ፣ መጽሐፉ እንደሚያዝዘው በ60 ጫማ ፓውንድ፣ ማለት 81 ኒውተን ሜትር ያህል፣ ወደ ማጥበቁ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ቁልፉ የቀለለበት ቅጽበት በዓይኔ ስለ ነበረ ፊቴን መለስሁ። የምሰማው ቁልፉ ልኩ ሲደርስ የሚያሰማውን ቀጭን ድምፅ ነበር። «ያዘ!» አለ መካኒኩ።

እሑድ ዕለት ሼቭሮሌት በአበባ ተሸፍና ሙሽራይቱን ከአባትዋ ደጅ አነሣች። አጎቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ራሳቸው ነዱ። እኔ ከኋላ ባለው መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ ሙሽራይቱን ሲያይ፣ መንገዱ ላይ የዘይት ጠብታ እፈልግ ነበር። አላየሁም። ሰኞ መሥሪያ ቤት ስገባ የግማሽ ቀን ፈቃዴ እንዴት አንድ ቀን ተኩል እንደ ሆነ ለአለቃዬ ለማስረዳት ብሞክርም፣ የ127 ጥርሱ ነገር አልገባቸውም፤ የዓርቡ ደመወዜ ተቈረጠ።

አንባቢዬ ሆይ፤ እርስዎም አንድ ቀን ለእንዲህ ያለ ነገር ወደ መርካቶ ቢሄዱ ሥዕል ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ቡሎኑን ራሱን ይያዙ። ውፍረቱ ስለ ተስማማ አይቸኵሉ፤ ጥርስ በጥርስ አገናኝተው ወደ ብርሃን ያንሡት። የሚፈልጉት ለማስገቢያ እንጂ ለማውጫ አለመሆኑን ደጋግመው ይናገሩ። አልሸጥልህም የሚል ሰው ካገኙም፣ ከአጠገቡ ቆመው ምክንያቱን ይስሙት።

ማስኪዮውን ለባለቤቱ መለስሁ። ማስገቢያውን ግን አጎቴ ለጋራዡ ተዉት። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ገብቼ ብጠይቅ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ወጣቱ መካኒክ መሳቢያውን ከፍቶ የአንድ ሌላ ጋራዥ ሠራተኛ መታወቂያ አሳየኝና፣ «በመያዣ አውሼዋለሁ፤ ከሰዓት ይመልሰዋል» አለኝ።